ያዙልኝ

ባንቺአየሁ ወንድሟን ከአረቄ የምታላቅቀው አረቄ እየሰጠች መሆኑን ስትሰማ ድሬሰሩ ያሕያ፣ የጤና ጣቢያው ቁስል አሳሪ፣ የሚያሾፍባት መስሏት ነበር። እሱ ግን አያሾፍም። የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከጤና ጣቢያው ወደ መንደሯ ወደ ድብ ባሕር እየመጣ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ከቆሎ በቀር ከቤቷ ምንም አይቀምስም። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ወንድሟ የሻው እንዳይጠጣ የታሰረበትን እግር ብረት አስፈታና የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ይዞ ብዙ ቆየ። ኋላ ለብቻዋ ነገራት፤ ለጊዜው በቀን ስምንት መለኪያ፣ በሚቀጥለው ወር ሰባት፣ ከዚያ ስድስት። በአንድ ጊዜ ከተቋረጠበት ይሞታል።

ጠበል ብወስደውስ ብላ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችው። ውሰጂው፣ መለኪያውን ግን እንዳትረሺ አላት።

የሻው በአርበኝነት ዘመን ጣሊያን ይዞት አሥራ አንድ ቀን የፊጥኝ ታስሮ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ከኋላው እጁን የነካው ሰው ሁሉ ጣሊያን ነው። መጠጡንም የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቶቿ ወንድሟን በመለኪያ የምትገድል እያሉ አሟት። የሻው ራሱ ጠርሙሱን ስትደብቅበት ይስቅ ነበር። «እቴ፣ ጦር ሜዳ እንኳ ጥይት እንዲህ ተቆጥሮ አልተሰጠኝም» ይላታል። መለኪያው አራት ሲደርስ ባቄላ አረመ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከሰው ጋር ቆመ። ባንቺአየሁ የዚያን ዕለት ከማኅሌቱ ይልቅ የሱን ትከሻ ስታይ ዋለች።

በመስከረም ሳንጃ ላይ ወባ ጠናና ያሕያን ወደዚያ ላኩት። ሲሰናበታት፣ ከባሰበት ለጤና ጣቢያው ላኪ፣ የሚያውቁት ሰዎች በማኪና ይመጣሉ አላት።

የመስቀል ዋዜማ የሻው ተዝካር ተጠራ። አክብረው አንዱ ቀዳለት፤ ሌላው ደገመው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ማሳው ውስጥ የጣሊያን ወታደር ይታየው ጀመር። ምሳሩን ይዞ በሯ ላይ ቆመ፤ እሷን መጠበቁ ነው። ባንቺአየሁ በጓሮ ወጥታ ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት ማኪና አስቆመችና ሾፌሩን ለመነችው፦ ጤና ጣቢያው ገብተህ፣ ወንድሜ ብሶበታል፣ ያዙልኝ ብላለች በልልኝ። እነሱ አገር ሰው ለጎረቤቱ ሕፃን ሲሰጥ ያዙልኝ ነው የሚል፤ ደግፉልኝ፣ አደራ ማለት ነው።

ጤና ጣቢያው ለመስቀል ተዘግቶ ነበር። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፤ መልእክቱን ሳያደርስ መቅረት አልሆነለትም። ጎንደር አራዳ ወርዶ፣ ያዙልኝ ብላለች ብሎ ለፖሊስ ነገረ።

በማግስቱ ማኪናው ሲመጣ የሻው ረግቶ ነበር። መለኪያውን ሰጥታው፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ጠጉሩን እየቆረጠችለት ነው። ካኪ የለበሱ ሦስት ሰዎች ወረዱ። ትከሻው ከእጇ ሥር ሲደነድን ተሰማት።

«ያዙልኝ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እኔ ነኝ። ግን ለሐኪም ነው ያልሁ።»

«ሐኪም ሰው አይዝም፣ እመቤት። የሚይዝ ፖሊስ ነው።»

እጆቹን ወደ ኋላ ጠምዝዘው አሰሩት። አልታገለም። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የጦር አለቃውን ስም ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ያኔም ለጣሊያኑ እንዲህ ነበር የተናገረ። ከዚያ ጠጉሩ በግማሽ የተቆረጠ ራሱን ወደ እሷ አዞረ።

«ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ?»

ወዲያው ማኪናው ላይ ጫኑት።

ተከትላ ጎንደር ገባች። ወህኒ ቤቱ በር ላይ ጠርሙሱን አውጥታ፣ በቀን አራት ብቻ፣ ከተቋረጠበት ይሞታል ብላ ዘበኛውን ለመነችው። ዘበኛው ሳቀ፤ ለባልደረባውም ጠርቶ ነገረው። በሁለተኛው ቀን አልሳቀም፣ አባረራት። ከግንቡ ወዲያ የሻው ሲጮህ ትሰማዋለች፤ የአርበኝነት ጓዶቹን በስማቸው እየጠራ ቦታ ያሲዛቸዋል። በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ቆመ። ተሻለው ብላ ጥቂት ደስ አላት።

ከቀትር በኋላ በቃሬዛ አወጡላት።

ያሕያ የመታሰሩን ወሬ ሰምቶ ከሳንጃ የደረሰ አስከሬኑ በር ላይ እንዳለ ነው። ራሱም ወባ ይዞት ፊቱ ቢጫ ሆኗል። ግንቡን ተደግፎ ቆመ።

«እኔ አላቋረጥሁበትም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እሱ አያውቅም» አለች ባንቺአየሁ፤ ነጠላዋንም አውልቃ የወንድሟን ራስ ሸፈነች።