በረሂማ ደረት ላይ የነበሩት መስመሮች

ሰኔ ስምንት ቀን 2016፣ የአረፋ ዋዜማ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሺር ከኮምቦልቻ የብየዳ ሥራው ገራዶ ቤቱ ሲደርስ፣ ሚስቱ ረሂማ ገላዋን ታጥባ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። አክስቷ እትዬ ነጂባ የእጣቢውን ውሃ ደጅ ይደፋሉ።

በሺር በሩ ላይ ቆመ። «መስመሮቹስ?»

ረሂማ የቀሚሷን አንገት ወደ ታች ሳበችው። ግራ ጡቷ የነበረበት ቦታ ተፈትጎ ቀልቷል። መስመር የሚባል ነገር የለም።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገችው ደሴ ነበር። የተረፈውን ካንሰር የሚገድለው የጨረር ማሽን ግን አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋው እስኪደርሳት ከጥር ጀምሮ ጠብቃለች። ሐሙስ ዕለት የጨረር ባለሙያዋ አስተኝታ ለክታት፣ ደረቷ ላይ በቀለም ካሰመረችባት በኋላ፣ «ማሽኑ የሚያነጣጥረው በዚህ ነው። እሮብ ትጀምሪያለሽ፤ እስከዚያ ውሃ እንዳይነካው» ብላ ለዒድ ወደ አገሯ ሸኝታት ነበር።

«እትዬ፣ ምን አደረጉን?» አለ በሺር።

«ምን አደረግሁ? ቀለም ያለበት ገላ ውሃ አይደርሰው፤ ትጥበቱ አይሞላ። ሶላቷ ሳይያዝላት ልትቀር?»

«ሐኪሞቹ አይነካ ብለው ነበር እኮ!»

«አትቆጣቸው፤ ፈትጉኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ረሂማ። «የዘንድሮው ዒድ የመጨረሻዬ ቢሆንስ? ሶላቴ እንዲያዝልኝ ፈለግሁ።»

ሸሁን የጠየቀ አልነበረም። ኋላ ሲጠየቁ፣ ለታመመ ሰው በቀለሙ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃው እንደነበር ተናገሩ።

ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈሩ ሲሉ በሺር ወረፋዋ እንዳያልፍባት ብሎ ሜትሩንና ማርከሩን አወጣ። ዕድሜ ልኩን ብረት የሚቆርጠው አስምሮ ነው፤ ዓይኑ ያየውን መስመር እጁ አይስተውም ይል ነበር።

«እንደ በር ልትቆርጠኝ ነው?» አለች ረሂማ እየሳቀች።

«በር ዝም ይላል። ትንፋሽሽን ያዢ አቦ!»

«ይዤ ብቀርስ?»

«አብሽሪ» አላት። ከትከሻዋ ለክቶ፣ ካስታወሰው ጋር አስተያይቶ አሰመረላት። ሲጨርስ ልክ የሐሙሱን መሰለው።

እሮብ ጠዋት ረሂማ ማሽኑ ሥር ተኛች። ከግድግዳው የወጡት ቀጫጭን ቀይ ብርሃኖች ደረቷ ላይ ሲያርፉ መስመሮቹን ሳቱ። ባለሙያዋ አልጋውን ወደ ላይ አለችው፣ ወደ ግራ አለችው። ከዚያ መብራቱን አብርታ በሺርን አስጠራችው።

«ይሄን ማን አሰመረው?»

«እናንተ ናችኋ» አለች ረሂማ ቀድማ።

«እህቴ፣ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። የእኔ እዚህ አልነበረም።»

በሺር አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። ታጥቦ ጠፍቶባት ነው።»

ባለሙያዋ አልጮኸችም። ሁለት ጣቶቿን ገጥማ በእሱና በራሷ መስመር መሃል ያለውን አሳየችው። «በዚህ ብተኩስ ጨረሩ የሚያገኘው ልቧን ነው።»

«ብረት ቢሆን ፈጭቼ አስተካክለው ነበር» አለ በሺር፤ ለማን እንደሚናገር አላወቀም።

«ልኬቱ እንደገና መወሰድ አለበት» አለች ባለሙያዋ። «ለእሱ ደግሞ ወረፋ አለ። ሐምሌ መጨረሻ።»

በአውቶቡሱ ረሂማ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ድረስ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለእትዬ እንዳትነግራቸው።»

በሐምሌ አጋማሽ ማሽኑ ተበላሸ፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ጠብቁ ተባሉ። በነሐሴ የአዲስ አበባው መንገድም ተዘጋ። በሽታው ሳንባዋ ገባ። ረሂማ መስከረም አስራ ሦስት ቀን አረፈች፤ ገራዶ ተቀበረች። ማሽኑ በኅዳር ተጠግኖ ሥራ ጀመረ።