የነብሪት ሆድ

የዓይናለም ድመት፣ ነብሪት፣ ሆዷ መግፋት ሲጀምር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደስ አለው። ዘንድሮ አይጡ በደብረ ታቦር ያላስለቀሰው ጎተራ የለም፤ ነብሪት ደግሞ ከአዳኝ ዘር ናት። ልጆቿ ሳይወለዱ ታጩ። የዓይናለም ጎረቤት እትዬ የሺ በጾሙ የማይጠጣውን ወተት በጣሳ እያመላለሱ፣ «ወንዱ የኔ ነው፤ ለሌላ ሰጥተሽ እንዳታስቀይሚኝ!» ይሏታል።

የዓይናለም ልብ ግን አልረጋም። ድመቲቱ የበላችውን ታስመልሳለች። ሆዷ ይገፋል፣ የጀርባዋ አጥንት ግን ይቆጠራል። እርጉዝ እንዲህ ትከሳለች? ልትናገር አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። አምና ልጇ ቤዛዊት ስታስል «ሳንባ ነው!» ብላ ሰፈሩን አሸብራ፣ ነገሩ ጉንፋን ሆኖ ቢገኝ «ሟርተኛዋ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ደግሞም ክፉ ነገር በአፍ ከተጠራ ይመጣል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ዝም አለች።

የመውለጃው ጊዜ ደረሰ፤ አለፈም። ነብሪት ወተቱንም መላስ ተወች። ያን ጊዜ ዓይናለም በዘንቢል አድርጋት ከቤዛዊት ጋር በባጃጅ እንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ወሰደቻት።

ዶክተር ኪዳኔ የሚታወቀው በላም ሕክምና ነው። አልትራሳውንዱንም ያመጣው ላሞች ጽንስ መያዝ አለመያዛቸውን ሊያይበት ነበር።

«በዘንቢል ሲመጣ እኔ ዶሮ መስሎኝ!» ብሎ ቤዛዊትን አሳቃት። የነብሪትን ሆድ ላጨ፤ ቀዝቃዛ ጄል ቀብቶ መሣሪያውን አስደገፈ።

«ስንት ናቸው?» አለች ቤዛዊት።

ዓይናለም የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን የሐኪሙን ፊት ነበር። ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ልጅ የለም» አለ በመጨረሻ። «ይኸውልዎት፣ ይቺ ኩላሊቷ ናት፤ ደህና ናት። ይሄ ሁሉ ግን ጣፊያዋ ነው። አድጎ ሆዷን ሞልቶታል። ድመት ላይ እንዲህ ያለ ዕጢ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

«ክፉው በሽታ ነው?» አለች ዓይናለም።

«ምስሉ የት እንዳለ ያሳየኛል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግረኝም። በቀጭን መርፌ ናሙና ወስጄ ለምርመራ ጎንደር ልላከው። የምጠረጥረው ዓይነት ከሆነ ጣፊያው ወጥቶላት ልትኖር ትችላለች። ጉበቷ ላይ ግን ነጠብጣብ የመሰለ ነገር አያለሁ። እሱ አላማረኝም። ማስመለስ ከጀመራት ቆየ?»

«ከጥምቀት ወዲህ ነው» አለች ዓይናለም።

ቤዛዊት ዞረችባት። «ታውቂ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር።»

«አንቺ መቼ ፈርተሽ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሳስል እንኳ ስንቱን በሽታ ስትጠሪ ነበር! ለነብሪት ሲሆን ዝም አልሽ?»

ዓይናለም የነብሪትን የጀርባ አጥንት ዳበሰች።

«መርፌው ሊያደማት ይችላል፤ አቅሟም ደክሟል» አለ ሐኪሙ። «ናሙናውን ልውሰድ ወይስ ይዘዋት ይሄዳሉ?»

ክፉው ሁሉ ባንድ ጊዜ በዓይናለም ዓይን ላይ መጣ፤ ደሙ፣ ባዶው ዘንቢል፣ የልጇ ለቅሶ። አሁን ግን አልዋጠችውም።

«ልትሞት ትችላለች፣ ቤዛዬ። ሳይወጋት ይዘናት ብንሄድም የምትሞት ይመስለኛል። የምፈራው ይህን ነው። ይኸው ነገርኩሽ።»

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና የነብሪትን ራስ ያዘች። «እግሯን አንቺ ያዢ።»

መርፌው ሲገባ ነብሪት አንዴ ጮኸች። ዓይናለም ዓይኗን ብትጨፍንም እግሯን አልለቀቀችም።

ከባጃጁ ሲወርዱ እትዬ የሺ ጣሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«እህሳ፣ ወንድ አለ?»

«ልጅ የለም፣ እትዬ። ዕጢ ነው። ከጎንደር መልስ እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

«ኧረ አፍሽን!» ብለው ሊቆጧት ጀመሩ። የተላጨውን ሆድ ሲያዩ ግን የቀረውን ተዉት። ምን እንደሚያደርጉት የጠፋቸውን ጣሳ ቤዛዊት ተቀበለቻቸውና ለነብሪት አቀረበችላት።

ነብሪት አሸተተችው። አልላሰችም። ቤዛዊት ጣሳውን ሳታነሳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ዓይናለምም ከልጇ ጎን።