አረንጓዴው ኩሬ በአዴ ፋጡ ግቢ

አሰግድ ነርስ ነው። ከባሕር ዳር አሰላ ተመድቦ መጣና የአዴ ፋጡን ሰርቪስ ቤት ተከራየ፤ «አዴ» በእኛ አገር እንደ «እማማ» ነው። ከእኔ ጎሚስታ ቤት የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምለው ከሥራዬ ሳልነሳ ነው። ጥሩ ልጅ ነው። ችግሩ ዓሣ ሳያይ መኖር አይችልም። ሌላ ሰው ዓሣ ሲናፍቀው ገዝቶ ይጠብሳል፤ እሱ ግን አዴ ፋጡን አስፈቅዶ ጓሮ ውስጥ ቆፈረ፣ ሸራ አነጠፈበት፣ ውሃ ሞላው፤ ከዚያም ከኦጎልቾ ወዲያ ከዝዋይ ሐይቅ፣ ብርድ ይችላሉ የተባሉ ትንንሽ ዓሦች በጀሪካን አስመጥቶ ለቀቀበት። እስካሁን አንድም አልበላም። «መቼ ነው የምትጠብሳቸው?» ስለው ልጆቹን ልብላ ያልኩት ይመስል ያኮርፈኛል።

በጋው ሲገፋ ውሃው መልኩን ለወጠ። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበር። እያደር ወለሉ ጠፋ፣ ዓሦቹም ጠፉ፣ ዳር ዳሩን እንደ ፀጉር የሚጎተት ነገር ያዘው። አሰግድ አልጌ ይለዋል። አዴ ፋጡ የጎመን ሾርባ አሉት።

የልጃቸው የሙቢና ኒካ ረመዳን ሳይገባ እዚያው ግቢ ሊታሰር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለታችንንም ጠርተው ኩሬው ዳር አቆሙን።

«አሰግድ ልጄ፣ አማቾቼ ከዲክሲስ ይመጣሉ። ድንኳኑ እዚህ ጋ ነው የሚተከለው። የኒካው ዋዜማ እጄን እዚህ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። አምባሬ ከታየኝ፣ ይሁን፣ ኩሬህ ይቆያል። ካልታየኝ አፈር አስሞላዋለሁ። ዓሦችህን ለማን እንደምትሰጥ ከወዲሁ አስብበት።»

«ይጠራል አዴ።»

«በምን?»

«በገብስ ገለባ።»

አዴ ፋጡ ወደ እኔ ዞሩ። «ቦንሳ፣ ይሄ ልጅ ደህና ነው? ገለባ የላም አይደለም እንዴ?»

«የጤና ባለሙያ ነው አዴ። ያዘዘውን መዋጥ ነው» አልኳቸው።

አሰግድ አልሳቀም። አረንጓዴው የሚጠግበው በፀሐይና ከዓሦቹ በሚተርፍ ምግብ ነው አለኝ፣ አዴ ፋጡ ከሄዱ በኋላ። ስለዚህ ምግቡን ይቀንሳል፣ ፀጉሩን በመንሽ ያወጣል፣ ግማሹን ኩሬ በሰሌን ያጠላል። ገለባው ደግሞ በሽንኩርት ከረጢት ታስሮ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ቀስ እያለ ይበሰብስና አዲስ አረንጓዴ እንዳይበቅል ያደርጋል። የሳምንታት ሥራ ነው እንጂ የአንድ ቀን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበዋል፦ አረንጓዴው ሌሊት ሌሊት የውሃውን አየር ስለሚጨርስ ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ይወጣሉ።

«አየር ነው የጎደለህ? ታዲያ ምን አስጨነቀህ፣ ጎሚስታ ጎረቤት እያለህ» አልኩት።

በማግስቱ የኮምፕሬሰሬን ቱቦ በአጥሩ ሥር አሹልኬ ጫፉን ድንጋይ ላይ አስሬ ኩሬው ውስጥ ጣልኩት። ውሃው ተንፈቀፈቀ።

«ቀስ ይበሉ ጋሽ ቦንሳ፣ ዓሦቹ ጎማ አይደሉም» አለ አሰግድ ከወዲያ።

እንግዲህ ሁሉም እንደታዘዘው ሆነ። ገለባው ተንሳፈፈ፣ ሰሌኑ ተዘረጋ፣ እኔ ማለዳ ማለዳ አየር እሰጣለሁ። ውሃው ግን ባሰበት። ጭራሽ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ተኛበት። አሰግድ ምግቡን ቀነሰ፣ አሁንም ቀነሰ፣ በመጨረሻ ጨርሶ ተወው። በቀነሰ ቁጥር አረንጓዴው ደለበ። ሰውዬው ራሱ ከዓሦቹ በላይ ከሳ።

«ገለባው አልሠራም፣ ጋሽ ቦንሳ።»

«ይሠራል። አንተ ብቻ ፊትህን ፍታው።»

ያን ሰሞን አንድ ጋሪ አፈር መጥቶ በሩ ላይ ተራገፈ። አዴ ፋጡ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም።

አንድ ማለዳ መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰሬ ዝም አለ። ውሃውን በእንጨት ላማስለው ብዬ በጓሮ በር ገባሁ። አዴ ፋጡ ሱብሒ ሰግደው ኩሬው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ጩኮ። እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው፣ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸው ጩኮ። በጣታቸው እያድቦለቦሉ «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ይወረውራሉ። ዓሦቹም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ለምደዋል።

«አዴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጡም። «አይታይህም? ቁርስ እየሰጠኋቸው።»

«አሰግድ እኮ ምግብ ከልክሏል።»

«አሰግድማ በረሃብ ሊፈጃቸው ነው። ድሮ አንድ ቁንጥር ይሰጣቸው ነበር፣ አሁን እሱንም ተወ። እኔ ጨመርኩላቸው። በእኔ ግቢ ተርቦ ያደረ የለም ቦንሳ። ውሻ አላደረም፣ ተከራይ አላደረም። ዓሣ ምን አድርጎ ነው የሚያድረው?»

«አፈር ሊያለብሷቸው አይደል እንዴ?»

«እሱ ሌላ ነው። እስከዚያ ግን ይበላሉ።»

ሳቄ መጣብኝ። ዋጥ አድርጌ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አዴ፣ ድሮ ጎበሳ ሳሉ በአባትዎ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ሲበዛ አረሙ እንዴት ነበር?»

«ጉልበት ይደርስ ነበር።»

«ይሄ ኩሬ ማሳ ነው። ጩኮው ማዳበሪያው። ያውም ቅቤ ያለው።»

እጃቸውን አዩ። ውሃውን አዩ። ያ የሚያብለጨልጨው የራሳቸው ቅቤ መሆኑ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አዴ ፋጡን ማን ነው አያብሉ የሚላቸው?»

«በረሃብ ቢሞቱስ?»

«አይሞቱም። በዚህ ብርድ ዓሣ ብዙ እንደማይበላ አሰግድ ነግሮኛል። ያ ቁንጥሩ ይበቃቸዋል።»

ሳህኑን በነጠላቸው ሸፈኑና ተነሡ። ይደብቁታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በቀጥታ ሄደው የአሰግድን በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ ዓሦችህን ጩኮ ሳበላቸው ነበር።»

አሰግድ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ በመዳፉ ዓይኑን ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ገለባውን ስሰድበው ከረምኩ።»

«ይቅርታ ጠይቀው። ያችን ቁንጥር ግን ትመልስላቸዋለህ።»

«እመልሳለሁ።»

«አፈሩም እዚያው በሩ ላይ ይቆያል። ቃሌ ቃል ነው።»

ከዚያ ወዲያ የኩሬው ዘበኛ እሳቸው ሆኑ። አሰግድ ቅባቱን ገፈፈ፣ ከውሃው ከፊሉን ቀየረ፣ ገለባውን አደሰ። መጀመሪያ የከረጢቱ ቅላት ታየ፤ ቀጥሎ የዓሦቹ ጀርባ። እኔም ይጠራል ብዬ ለደንበኞቼ ሁሉ ነግሬ ነበርና ኮራሁ።

በኒካው ዋዜማ አዴ ፋጡ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነከሩ። አሰግድ ትንፋሹን ይዟል። አንድ ዓሣ መጥቶ ጣታቸውን ነካ ነካ አደረገ፤ ጩኮው ትዝ ብሎት መሆን አለበት። አዴ ፋጡ አምባራቸውን አዙረው አዙረው አዩት።

«ብሩ መጽዳት አለበት፣ ጠቁሯል» አሉ። ፍርዱ ይኸው ነበር።

አፈሩ በማግስቱ ድንኳኑ ሥር ጎርበጥባጣውን ለመደልደል ዋለ። የዲክሲስ አማቾችም መጡ። የሙሽራው አባት አቶ ከዲሮ ወንበራቸውን ኩሬው ዳር አስጠግተው ዓሦቹን ሲያዩ ቆዩና ከዳቧቸው ቆረሱ። እጃቸው ገና ሳይዘረጋ አዴ ፋጡ ደረሱ።

«አይሆንም። ጠግበዋል።»

አዴ ፋጡ በእንግዳ ፊት «ጠግበዋል» ሲሉ በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አቶ ከዲሮ ዳቦውን እንደያዙ ቀሩ። አሰግድ ከድንኳኑ ጥግ ሆኖ አየኝ።

«የቆረሱትን እርስዎ ይብሉት» አሉ አዴ ፋጡ፣ ሳህናቸው ላይ ሥጋ እየጨመሩላቸው።