መሪጌታ ፊታቸውን ያዞሩበት ዓመት

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት መሪጌታ ሀብተማርያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሚስታቸው ወርቅነሽ መጀመሪያ አዘነች፤ ኋላ ግን ታከታት።

መክሳት ከጀመሩ ቆይተዋል። ውሃ ቢጠጡ አይረኩም፤ ሽንታቸውን ጉንዳን ይከበዋል። የጣሊያኑ ሐኪም በአስተርጓሚ የስኳር በሽታ ነው ብሎ ጠላውንም፣ ጠጁንም፣ ማሩንም ከለከላቸው። ወርቅነሽ የተባለችውን ሁሉ ፈጸመች። ጥሙ ቀነሰ፤ ሰውየው ግን አልተነሡም። ማኅሌት ቀሩ፤ ሰንበቴ ቀሩ፤ ተማሪዎቻቸው አንድ ባንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ።

ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆነ። አንዷ ዓይነ ጥላ ነው አለች፤ ሌላው በበሽታ አሳብበው ነው፣ ስንፍና ነው አለ። ወርቅነሽ ከብቱንም ገብሱንም ብቻዋን ይዛ የሁሉን ምክር ስትሰማ ትውላለች። በመጨረሻ የመሪጌታ ወንድም እሸቴ፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ገብቶ ያልዳነ የለም እያለ ቢነዘንዛት፣ በበቅሎ አስቀምጣ ወሰደቻቸው፤ እሸቴም አብሮ ወረደ።

መሪጌታ እንደ ደረሱ እግራቸውን ከምንጩ አፍ ነክረው ተቀመጡ። እርሷ ልብስ አጥባ ስትመለስ እንደ ተቀመጡ ናቸው። እጇን ወደ ውሃው ሰደደች፤ ፈጥና መለሰችው። እግራቸውን ስታወጣው ቆዳው ተልጧል።

«ምነው መሪጌታ፣ እንዲህ ሲያቃጥልዎ ዝም ይላሉ?» ብላ ተቆጣች።

«አልተሰማኝም። አንቺ ስትቆጪም አይሰማኝም። ማኅሌቱም እንዲሁ። ሰነፈ ትሉኛላችሁ፤ ስንፍና ቢሆንማ ደግ ነበር። ሲነጋ፣ ለምን ነጋ እላለሁ።»

ወርቅነሽ ነጠላዋን ቀድዳ እግራቸውን ጠቀለለች። እሸቴ ሰባት ቀን ሳይሞላ አይሆንም ሲል እርሷ በቅሎዋን ጭና ጨርሳለች።

ቁስሉ አራት ወር ፈጀ። ስለ ሐዘናቸው ሐኪሙን ብታስጠይቀው፣ ጦርነት ባለበት አገር ማን የማያዝን አለ ብሎ መለሰላት። ተናዳ ወጣች። ደጇን ለመካሪ ሁሉ ዘጋችና የመሪጌታን አብሮ አደግ ቄስ ማሩን ብቻ አስጠራች። ምክር አልፈልግም፣ ዝም ብለው አጠገባቸው ይቀመጡልኝ አለቻቸው።

ቄሱ በየቀኑ መጡ። በአምስተኛው ሳምንት ለራሳቸው ሲያዜሙ ቢሳሳቱ፣ መሪጌታ ከተኙበት አረሟቸው።

ከዚያ ወዲህ ደህና ቀንም ክፉ ቀንም አላቸው። በክፉው ቀን ወርቅነሽን አሁንም ይታክታታል፤ ግን ተነሡ አትላቸውም። ምሳቸውን አቅርባ አብራቸው ትቀመጣለች።