የተማሪዋ ተቀጣሪ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበርኩ፤ ደብተሬንም ጫማዬንም የገዛችልኝ በመርፌዋ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተቀጥራ ከሰፋች በኋላ አንድ ቀን «የራሴን ቤት ልከፍት ነው» አለችኝ። ስምንት የስፌት መኪና፣ ስምንት ሠራተኛ፣ በሩ ላይ ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ። ይህን ስታወራ ፊቷ ይበራ ነበር።

በብድር ሦስት መኪና ገዝታ ሁለት ክፍል ተከራየች። የመጀመሪያው ዓመት ደህና አለፈ። በሁለተኛው የጨርቅ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ኪራዩም ተከተለው፤ ዩኒፎርም ያዘዘ አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ሐሳቡን ቀየረ። ወለዱ ሲከመርባት የአንዱን ወር ለመክፈል ከጎረቤት መበደር ጀመረች።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር የሚሆን ይመስልሻል?» አልኳት እጅጌ ስትገጥም።

ስፌቷን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ስምንት መኪና አይሆንም። ይህችን ለራሴ ለመንገር ስድስት ወር ፈጀብኝ» አለች።

በማግስቱ አበዳሪዎቹ ሳይጠሯት ራሷ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ሰው ስልኩን ያጠፋል። እሷ ግን የብድር ሠራተኛው ፊት ተቀምጣ ያለባትን ሁሉ፣ የጎረቤቱን ብድር ሳይቀር ነገረችው። ቤቱን ዘግታ፣ ሁለቱን መኪና ሸጣ የተወሰነውን እንደምትከፍልና ቀሪውን በሦስት ዓመት እንዲያደርግላት ጠየቀችው።

«ቤቱን ከዘጉ በምን ይከፍላሉ?» አላት።

«ተቀጥሬ።»

የት እንደተቀጠረች ስሰማ እኔ አፈርኩ። ድሮ ሙያውን ያስተማረቻት፣ በቅጥነቷ «ቀጮ» የምንላት ልጅ አሁን አሥራ ሁለት ሠራተኛ ታስተዳድራለች። እህቴ ሥራ የጠየቀችው እሷን ነው። ቀጮ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ እኔ እርስዎን እንዴት ብዬ ነው የማዘው?»

«እኔ አንቺን አዝሽ እንደነበረው ነዋ! ብቻ እኔ እጮህብሽ ነበር፤ አንቺ ቀስ ብለሽ ብትነግሪኝም ጆሮዬ ይሰማል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሁሉም ቀድማ ትገባ ነበር። የቀጮ አቆራረጥ ሲበላሽ እንኳ ሰው ፊት አትናገርም፤ ጠጋ ብላ «አለቃዬ፣ ይቺ ትከሻ ብትፈታ ይሻላል» ትላታለች። አንዳንድ ቀን ጀርባዋን ይዛ ስትገባ አያት ነበር፤ አማርራ ግን አልሰማኋትም። እኔ ብሆን ያን በር ለመርገጥ እንኳ ድፍረቱ አይኖረኝም።

የመጨረሻውን ክፍያ ከፍላ ስትመጣ ቀጮ ጠራቻት። «ሌላ ቤት ልከፍት ነው። ሸሪኬ ሆነው ይምሩልኝ።»

እህቴ ወዲያው እሺ አላለችም። የኪራዩን ውል አስመጥታ አነበበች፤ ስንት ትእዛዝ በእጃቸው እንዳለ፣ ብድር ይኖርበት እንደሆነም ጠየቀች። ሁለት ሳምንት አስባ በአራት መኪና ጀመረች።

አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ስሄድ ለአንዲት አዲስ ተቀጣሪ የኪስ አገጣጠም እያሳየች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝም። በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኳት።