ይበል ሕዝብ

ባሌ አካለ ወልድ እንግሊዝኛ የተማረው በሳቅ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ይቅር፤ እኔም እመኑኝ ብዬ አልለምንም። የሳቅሁት ግን እኔ ነኝና የምናገረውን አውቃለሁ።

ዲያቆን ነው። ዲማ ገዳም ሥር ተወልዶ ዜማውንም ቅዳሴውንም እዚያው የተማረ። መሬታችን ግን ቁራሽ ናት፤ ኑሯችን ከእጅ ወደ አፍ። በዚያ ዓመት “ክረምቱ ሲገባ መተማ ወርጄ ሰሊጥ አርሜ ልምጣ” ማለት ጀመረ። ወንድሜ ደምለውም እንዲሁ ብሎ ነበር የወረደው። ወባ እዚያው አስቀረችው፤ አፈር እንኳ አላለበስነውም። ስለዚህ መተማ የሚባል ስም በቤቴ እንዳይነሣ ከልክዬ ነበር።

እግዜር አይቶን ነው መሰል፣ ገዳሙን የሚያዩ ፈረንጆች በዙና ወረዳው “እንግሊዝኛ የሚችል አስጎብኚ ካካባቢው ልጆች እንቀጥራለን” አለ። ፈተናው በቃል ነው። አካለ ወልድ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋር የተለያየው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ዘፈንና ፊልም በሜሞሪ የሚጭነው ያጎቱ ልጅ አለበል፣ “በኮሜዲ ተማር፤ እኔ የለመድሁት በሱ ነው” ብሎ ስልኩን በፈረንጅ ቧልት ሞልቶ ሰደደው።

ቧልቱ እንዲህ ነው። አንድ ባል፣ አንዲት ሚስት፣ አንድ ሥራ ፈት ጎረቤት። ጎረቤቱ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ያገኘውን ይበላል፣ አንድ ነገር ሰብሮ ይወጣል። እኔ በዱላ የማባርረውን እነሱ ቁጭ በል ይሉታል። ለትምህርት ግን የሚሆነው እሱ ነበር። ሳህን ሲያነሣ የሳህኑን ስም ጠርተው “ተው!” ይሉታል፤ ይጥለዋል። መሰላል ሲወጣ የመሰላሉን ስም ጠርተው ይለምኑታል፤ አብሮት ይወድቃል። የተሰበረ ዕቃ ስሙ አይረሳም። በዚያ ሰሞን በቤቴ ያለ ዕቃ ሁሉ ክርስትና ተነሣ፤ መደቡ ካውች፣ በሩ ዶር፣ ጓዳዬ ኪችን ተባለ።

“ማንጠግቦሽ፣ ካውቹን ጥረጊው” ሲለኝ፣

“መደቡን እጠርጋለሁ፤ ካውቹን ያመጣኸው አንተ ጥረግ!” እለው ነበር።

ችግሩ ሳቁ ነው። በዚያ ቪዲዮ ሰዎቹ አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር የማይታይ ሕዝብ ባንድነት ይስቃል። ተናጋሪው ሳቁ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይቆምና ይቀጥላል። ሌላ ሰው ቢሆን ንቆ ያልፈው ነበር። በቅዳሴ ግን ካህኑ ይላል፣ ዲያቆኑ ይላል፣ መጽሐፉ “ይበል ሕዝብ” ያለበት ላይ ሕዝቡ በተሰጥዎው ይቀበላል፤ ሕዝቡ ሳይቀበል ወደፊት የለም። እዚያ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሳቅ ሲሰማ ምን ይበል?

“ለካ እንግሊዝኛም ተሰጥዎ አለው!” አለኝ፣ ዐይኑ እየበራ።

ቋንቋውን እንደ ዜማ በቃሉ ሲይዝ ሳቁንም ከነቦታው ያዘው። ተቀባይ ሕዝብ አስፈለገው፤ ቤታችን ውስጥ ያለው ሕዝብ ደግሞ እኔ ነኝ። እሱ ይናገራል፣ እጁን ዝቅ ያደርጋል፣ እኔ እስቃለሁ። ጤፍ እየነፋሁ እስቃለሁ፣ ኩበት እየጠፈጠፍሁ እስቃለሁ። ጎረቤቴ ወለተ ኢየሱስ “ምነው እናንት ቤት፣ ሠርግ ነው ዛር?” አለችኝ። የሚያስቀው ነገር አይገባኝም። መተማን እየፈራሁ ነበር የምስቅ።

የፈተናው ዕለት ተከትዬው ሄድሁና ከክፍሉ ውጭ፣ ከተከፈተው መስኮት ሥር ተቀመጥሁ። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ የወረዳው ሰው አቶ እንዳላማውና ከደብረ ማርቆስ የመጣች ፈረንጅ መምህርት።

“ጉድ ሞርኒንግ! ማይ ኔም ኢዝ አካለ ወልድ!” አለና ቆመ።

ዝም አሉ። እሱም ዝም አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አሁንም ዝም።

“ቀጥል እንጂ ዲያቆን” አሉ አቶ እንዳላማው።

እንዴት ይቀጥል? ሕዝቡ አልተቀበለማ!

“ከጠፋህ ሌላ ተፈታኝ እናስገባ።”

ሌላ ሲሉ ሰሊጡ ታየኝ፣ ወባዋ ታየችኝ። ከመስኮቱ ሥር ሁኜ ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳቅሁ።

አፉ ተፈታ። “ዚስ ኢዝ ኤ ቬሪ ኦልድ ቸርች!” ሳቅሁ። “ፕሊዝ፣ ዶንት ብሬክ ዘ ዶር!” ሳቅሁ። እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

አቶ እንዳላማው በሩን በርግደው ወጡ። “ማን ነሽ አንቺ? በፈተና ታሾፊያለሽ?”

“ኧረ አላሾፍሁም ጌታዬ። ሕዝቡ ነኝ” አልኋቸው።

አስገቡኝና ነገሩን ከሥሩ ነገርኋቸው፤ ለፈረንጇም ተረጎሙላት። አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

“እንግዳ ሲመጣ ሚስትህን በየመስኮቱ ሥር ልታስቀምጥ ነው? ከቪዲዮ ያልቀዳኸው፣ የራስህ ነገር ካለህ ተናገር። ከሌለህ በቃን።”

አካለ ወልድ አየኝ። ከዚያ ወደ ፈረንጇ ዞሮ፣ ቀስ እያለ፣ እየተደናቀፈ መናገር ጀመረ። እጁን ዝቅ አላደረገም፤ ለሳቅም አልቆመም። በርና ቤት የሚሉትን ቃላት ለየኋቸው፤ እሱ ያስተማረኝ ናቸው። ቀጥሎ መተማ አለ። ቀጥሎ ደምለው አለ። የወንድሜን ስም በዚያ ቋንቋ መሀል ስሰማ ልወጣ ተነሣሁ። ግን ሳይጨርስ አልወጣም ብዬ በሩ ላይ ቆምሁ።

ፈረንጇ እጇን ካፏ አወረደች። አንድ ነገር ጠየቀችው፤ መለሰላት። ደግማ ጠየቀችው፤ አሁንም መለሰላት። ሁለት ሰዎች ሁነው ተጨዋወቱ። በመጨረሻ ላቶ እንዳላማው አንድ ነገር አለቻቸው፤ እሳቸውም “ሰኞ ሥራ ጀምር” አሉት።

መንገድ ላይ ደስታው በቁጣ ወጣልኝ።

“ምን ነበር ያልሃት?”

“‘የሚስቴ ወንድም መተማ ሄደ፤ ቤት አልመጣም። እኔም ልሂድ ስል በሩ ላይ ቆማ አታሳልፈኝም’ አልኋት።”

“የወንድሜን ሞት ለማናውቃት ፈረንጅ! ገበናዬን አደባባይ ታወጣዋለህ አንተ?”

“የራስህን ተናገር አሉኝ” አለኝ። “ካንቺ ሌላ የራሴ የሆነ ምን አለኝ?”

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ እጁን ዝቅ ሳያደርግልኝ ሳቄ ቀደመኝ።