ለኒካሑ የተከፈተ መስመር

«ዘወጅ—» አሉ የሙሽራዋ አባት ሙሐዲን ከጅዳ። «ዳርኩህ» የሚለው የኒካሑ ቃል ከመሃሉ ተቆርጦ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ያለውን ሳሎን የሞላው እንግዳ አጉረመረመ። ፋሂም ስልኩን አውጥቶ ራውተሩን ይቆጣጠር ጀመር። ወይ ጉድ! ለጅማ ስንቱ ሆቴልና ካፌ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው፣ በገዛ እህቱ ኒካሕ ይዋረድ? አባቱ ከጅዳ መምጣት ሳይችሉ ሲቀሩ «ልጄን በራሴ አንደበት ነው የምድራት» አሉ። እሱም «አባ፣ ሳሎናችን የተቀመጡ ያህል ነው የሚሆኑት» ብሎ ቃል ገባ።

«ማል ተኤ? አሁንስ ምን ሆነ?» አሉ አጎቱ ኑሪ፣ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ። «ወንድሜ ውክልናውን ለኔ ይስጠኝና ልጨርሰው። ምስል ምስል እያላችሁ ምን ያደክማችኋል?»

ፋሂም በጎን አያቸው። ኑሪ እህቱን ሳቢሃን ለልጃቸው ፈልገዋት፣ አባቷ ግን ለሸቤው ቡና ነጋዴ ልጅ ሰጧት። አኩርፈው ከርመው ዛሬ ምን አጣደፋቸው? ውክልናውን ከያዙ በኋላ በመህሩ፣ በጥሎሹ ሰበብ ሊያፈርሱት ይሆናል። ስልካቸውም ከእጃቸው አትለይም፤ መስመሩን የሚያጨናንቁት እሳቸው ይሆኑ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አለ በሆዱ።

ጠዋት የኢንተርኔቱን መስመር ሲያከፋፍል ሰፊውን ለቴሌቪዥኑ፣ ጭላጩን ለእንግዳ ስልክ ሁሉ ሰጥቶ ነበር። አሁን የኑሪን ስልክ ከነጭራሹ ዘጋው።

«ሼህ፣ እንደገና እንሞክር» አለ ኒካሑን ወደሚያስሩት ሼህ ዞሮ።

«ቃሉ ሳይቆራረጥ ይሰማ» አሉ ሼህ አብራር ጉሮሯቸውን ጠርገው። «በግማሽ ቃል ኒካሕ አይታሰርም።»

ሙሐዲን ብቅ አሉ፣ ፈገግ አሉ፣ «ቢስሚላህ» አሉ። ደረቁ። የሙሽራው ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ፋሂም ስልኩን እንደገና ከፈተ። ኑሪ አይደሉማ! ታዲያ ማነው? ቢመረምር መስመሩን ሙልጭ አድርጎ የሚበላው አንድ ስልክ ብቻ ነው። «ሙሽራ ናት፣ ትደሰት» ብሎ ያለ ገደብ የተወው የሳቢሃ ስልክ።

ጓዳ ሲገባ እህቱ ጓደኞቿን አስወጥታ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሂና ያስጌጠው እጇ ስልኩን ጨብጧል።

«ምንድን ነው የምታወርጂው?»

«ፊልም።»

«በኒካሕሽ ቀን? አቦ ሳቢሃ! ይሄን ሁሉ ፊልም?»

«የሼሁ ድምፅ በግድግዳው ይሰማል» አለች ቀና ሳትል። «አባ ሊናገሩ ሲሉ እጀምራለሁ። ሲቋረጡ አቆማለሁ።»

ፋሂም አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ። «ፈቃድሽን ሲጠይቁሽ ዝም አልሽ እኮ! የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው።»

«እያለቀስኩ ነው ዝም ያልኩት። እማ የደስታ እንባ ነው አለች። አንተስ ያን ቀን ፊቴን አይተኸዋል?»

አላየውም። ያን ቀን ለዚሁ ለኒካሑ የኢንተርኔት ገመድ ይዘረጋ ነበር። አጎቱን ሲጠረጥር እህቱ እዚሁ አጠገቡ ስታለቅስ ከርማለች።

«ለአባ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«መቼ ብቻችንን አውርተን እናውቃለን? ሁሌም እማ አጠገቤ ናት።»

«ፋሂም!» ሲሉ ተጣሩ ኑሪ ከሳሎን። «ትጀምራለህ ወይስ ውክልናውን ልቀበል?»

ፋሂም ስልኩን አየ። የሳቢሃን መስመር ለመዝጋት አንዴ መንካት ይበቃል። ከዚያ አባቱ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ቃሉ ይሰማል፣ እሱም ይመረቃል። ጣቱን ሰደደ፣ መለሰው። ከዚያ የዘጋው የሳሎኑን ቴሌቪዥን መስመር ነበር። ፊልሙን አስቆማት፣ መስመሩን በሙሉ ለእሷ ስልክ ለቀቀና አባቱ ጋ ደወለበት።

ሳሎኑ ተንጫጫ። «ኔትወርኩ ጠፋ!» ብለው ጮኹ ኑሪ።

«አልጠፋም፣ አጎቴ» አለ ፋሂም በሩን ከውስጥ እየቆለፈ። «አባ ሳቢሃን እያናገሯት ነው።»

ስልኩን ፊቷ ላይ አነጣጥሮ ያዘላት። ምስሉ አልተቆራረጠም።

«ሳቢሃ» አሉ ሙሐዲን፣ ወደ ስክሪናቸው ቀረብ ብለው። «ምነው ልጄ፣ ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?»